ቅንጬ

ሸዋ ሮቢት፣ ጤና ጣቢያው ግቢ፣ ከጽጌረዳው መካከል፣
ቅጠሉ ካሮት ይመስል፣ አበባው ነጭ እንክብል፣
ወር ሙሉ ውሃ ያጠጣሁት እኔው ነኝ፤
በቅሎልኝ መስሎኝ፣ ሳልዘራው ያማረልኝ።

ጋሽ ሸዋንግዛው መጣ፣ እጁን በፌስታል ጠቅልሎ፣
«ይሄማ ቅንጬ ነው» አለኝ፣ ከነሥሩ ነቅሎ።
«ላሚቱ ብትግጠው ወተቷ ይመራል፣
ባዶ እጁን የነካው ሲያክ ያድራል።
መንቀልስ ድሮ ነው፣ ቅጠሉ መሬት ላይ እንደተኛ፤
ካበበ ወዲያማ
ነቃይ ተብዬዎች ዘሪዎች ነን እኛ።»

አቃጠልነው።

ነሐሴ ላይ፣ ከቤቴ ደጅ፣ ጫማዬን ከማራግፍበት፣
አንዲት ካሮት መሳይ ቅጠል፣ ጠል አርፎባት።
ጎንበስ አልኩ።
ዓይኔ ገና ሲያመነታ
ክንዴን በላኝ፤ እሱ ቀድሞ አወቃት።