በእርሳስ

ማንም ምንም አላለንም። ዳሪልም፣ አለቃችን፣ ዝም አለ፤
ግን የጓንቱ ካርቶን፣ እስከ አፉ ይሞላ የነበረው፣ ከግማሽ ጎደለ።
ሁለት ሰዎች መጡ፤ ነጭ ቆብ የደፉ፣ ሜትር የያዙ፤
ከእኔ ጠረጴዛ እስከ ጋትሉዋክ ድረስ ያለውን ለክተው፣ ጽፈው ተጓዙ።
ሰው የሚለካው ለልብስ ነው፣
አለዚያም ለሣጥን ነው።
ይሄ የማን ስፌት ነው?

ከተማዋ ብሩክስ ትባላለች፤ እኛ ጫፏን ቆርጠን ብሩክ እንላታለን፤
መቁረጥ ሥራችን ነው፣ ቆርጠን እንበላለን።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የበሬ ትከሻ ስለይ
የወለቀው የኔ ነው፤ ይህንን ማን ሊያይ።
«ወሬ ነው» አለ መክብብ፤ በዚያው ሳምንት አዲስ ፒካፕ በዱቤ ነዳ።
ጋትሉዋክ ግን ቢላውን ስሎ ስሎ፣ ሳይቆርጥበት ቆመ፣ እንደ እንግዳ።

ሚስቴ ስሟ ስንዱ ነው።
አባቷ ሲያወጡላት ምን እንዳዩ እንጃ፤ ስሙን የኖረ ሰው እሷን ብቻ ነው የማውቀው።
የዚያን ለታ ማታ፣ ከልጃችን ደብተር አንድ ቅጠል ገንጥላ፣
ኪራዩን፣ ጋዙን፣ መብራቱን፣ የመኪናውን ዕዳ፣ አንዱን ካንዱ ነጥላ፣
በእርሳስ ጻፈች።
«እስክሪብቶ እኮ አለ» አልኳት።
«የሚፋቅ ይሻላል» አለች።
ሳይቃጠል በቅጠል ያለ ሰው፣
ይህቺን ቅጠል ሳያይ አይቀርም ያኔ ሲተርተው።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለች፣ «ተባርረሃል።»
«ማን አባረረኝ?»
«እኔ። የኔን፣ የመጦሪያውን ደሞዝ እንበላለን፤ ያንተ ባንክ ይተኛል።»

እናም ሥራ ሳላጣ፣ ሥራ ማጣት ተለማመድኩ፤
ሥጋ ቆራጩ ምስር ቀቀልኩ፤
ፀጉሬን ራሴ ተላጨሁ፣ ጆሮዬን ለጥቂት ሳትኩ።
ቅዳሜ ቅዳሜ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አጠናሁ፤
ስለ አየር ፍሬን በሕልሜ ሁሉ አወራሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ስልኩ ነው፤ ለወንድሜ፣ ለገዝሙ።
«ከዚህ ወር ጀምሮ ይቀንሳል» ለማለት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ቃላቱ አልተስማሙ።
ስንዱ ገዝሙን ሆና ከመኝታ ቤት ደወለች፤
ያለ ርኅራኄ ተጫወተችው፤ ሁለቴ ዘጋችብኝ፣ በሦስተኛው አለቀሰች።
እውነተኛው ገዝሙ ግን አልተቆጣም፣ አልጮኸም።
«አንተ ደህና ነህ ወይ?» አለኝ።
ለዚህኛው አልተለማመድንም።

እኔስ? እኔም በበኩሌ ተዘጋጀሁ፣ በድብቅ፤
ከፈረቃ ስወጣ፣ በየቀኑ፣ አንድ ጥንድ የጥጥ ጓንት በኪሴ ስወሽቅ።
ለምን አትበሉኝ፤ ካርቶኑ ሲጎድል ሰጋሁ፤
ድርሻዬን ያዳንኩ መስሎኝ፤ ስርቆት መሆኑን እያየሁ እንዳላየሁ።

እሑድ ዕለት፣ ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲሆን፣
ስንዱ ካልሲ ስትፈልግ ከመሳቢያው ሥር አገኘችው፤
አልጋው ላይ ደርድራ ቆጠረችው።
አንዱን አጥልቃ አየች፤ ከጣቶቿ ጫፍ አልፎ ባዶ ጨርቅ ተንጠለጠለ።
«ይሄ ለየትኛው ሥራ ነው?» አለችኝ።
ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቀችም። ትቆጣለች ብዬም፤ አልተቆጣችኝ።
ቅጠሏን አወጣች፤ ተፍቃ ተፍቃ የሳሳችውን፤
«ያለን» ከሚለው ሥር፣ ከአራት ወር ተኩል ኪራይ በታች፣
ጠባብ ቦታ ፈለገች፤
«ጓንት፣ አርባ አንድ ጥንድ» ብላ ጻፈች።
በእስክሪብቶ።