የጨው ዓምድ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል፤ ሳቢያን፣ ከጣሪያ ጫፍ፣
አያንሌ መሰላሉን ይዟል፤ «ቀስ በይ» ይላል፣ በአፉ የማታው ጫት ትራፍ።
እወጣለሁ ወደ መሣሪያዬ፣ ወደ ነጯ ሣጥን፣
የከተማውን ትንፋሽ ቀድታ በቁጥር ወደምትመዝን።

ደቻቱ ከታች ተኝቷል፣ ውኃ የሌለው አሸዋ።
ማዶ የሲሚንቶው ጭስ አለ፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል፣
ይረግሙታል፣ ሲያስሉ ስሙን ይጠሩታል።
እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው፤
ያለ ሰዓቱ የሚነሣው ቁጥር ነው።
ኦዞን እኩለ ቀን ይወጣል እንጂ፣ ፀሐይ ስትበስል፣
ምን ቀሰቀሰው ገና በጠዋቱ፣ ሴቱ ዓይኑን ሳይኩል?

ከዚያ ዋበሪን አየሁት፤ ከአፍዴራ ጨው ጭኖ የገባው፣
ሌሊቱን ሞተር ሳያጠፋ ከአሥራ ሰባት መኪና ጋር የተሰለፈው።
ሸራው ተቀዷል፤ ነፋሱ ነጭ ብናኝ ይሰርቃል፣
አስፋልቱ ላይ፣ ቆርቆሮው ላይ፣ ከንፈሬ ላይ ጨው አድሯል።

ያኔ ገባኝ። ወይም የገባኝ መሰለኝ።
የናፍጣ ጭስና የጨው ብናኝ በጨለማ ይጫጫሉ፣
ማንም ሳያይ፣ ያለ ሽማግሌ፣ አንድ ጎጆ ይቀልሳሉ።
ፀሐይ ናት ፍቺ የምታመጣው፤ በመጀመሪያው ጨረር
ክሎሪን ከቤቱ ይወጣል፣ ብቻውን፣ ያገኘውን ሊሰብር።
የቤንዚኑን ትነት ይሰብራል፤ ከስብርባሪው ኦዞን ይወለዳል፣
ላይ ሰማይ ቢሆን ጥላችን ነው፤ እዚህ ግን ደረት ይልጣል።

ኢፍቱ፣ የባቡር ጡረተኛው የልጅ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤
ቦርሳዋን ደረጃው ላይ አስቀምጣ፣
«ትንሽ ልረፍ» ትላለች፣ እንደ አሮጊት።

ለዋበሪ ነገርኩት። ሳቀ። «እህቴ፣ ጨው ማንን ገድሎ ያውቃል?
አባቴ በግመል አመላለሰው፤ ሰማንያ ዓመት ኖሯል።»
እውነቱን ነው።
ግመል ናፍጣ አይጠጣም።

ቢሮ ገብቼ ቅጹን ሞላሁ፤ አቧራ፣ ጭስ፣ ሰልፈር፤
ሰንጠረዡ የጨው ዓምድ የለውም፤ የት ልጻፈው ይህን ነገር?
አለቃዬ «ማስረጃ» ይላሉ፤ አንድ ሣጥን፣ አንድ ጣሪያ፣ ሦስት ሳምንት፤
ልክ ናቸው፤ ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ይህ ጥርጣሬ ነው፣ ሥጋት።
ወደ ኋላ ያየችው ሴት የጨው ዓምድ ሆና ቀረች ይባላል፤
እኔ ወደ ላይ ነው ያየሁት፤ እግሬ ግን እንደ እሷ ደርቋል።

ዋበሪ ሲሄድ በጋዜጣ ጠቅልሎ አንድ ጭብጥ ሰጠኝ፣
«ለራስሽ ብለሽ ጣፍጪ» አለ፤ ተረቱን ገልብጦ አሳቀኝ።
«ሸራውን አሰፋው» አልኩት። «በሚቀጥለው» አለ።

ማታ ወጡ ውስጥ ጨመርኩት።
ጣፈጠኝ፤ አልዋሽም።
በአሥራ ሁለት ተኩል ግን፣ መሰላሉን ሳልጨርስ፣
ቁጥሩ ቀድሞኝ ተነሥቶ ነበር።