ሳይለካ የላከው

ጋራዡ ውስጥ ነኝ፤ ውጭው በረዶ ነው፣
የቢተርሩት ሸለቆ ነጭ ለብሶ ዝም ያለው።
የእጄ ሥራ ትንሽ ናት፤ ቀለበት እቀርጻለሁ፣
ጠብመንጃ መነጽር ላይ ቁጥር እጽፋለሁ፤
ሦስት መቶ፣ አራት መቶ፣ እስከ ስድስት መቶ፣
አዳኝ እንዲያዞረው ርቀቱን አይቶ።

ማክሰኞ ዕለት አንድ ፎርም በፖስታ ደረሰኝ፤
የቬርሊን ስትራውድ ነው፤ ጽሕፈቱ ደስ አሰኘኝ፤
ጡረታ የወጣ የናፍጣ ሞተር ጠጋኝ።
የጥይቱ ፍጥነት፦ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ፤
አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረሳ።
ከፍታ፦ «ተራራ»። ሙቀት፦ «እንደ ወቅቱ»።
የመነጽሩ ቁመት ከበርሜሉ እምብርቱ፦
«እንደ ሌላው ሰው» ይላል። ሳቅኩኝ ብቻዬን፤
አነሳሁ ስልኬን።

«ቬርሊን፣ ይህን ቁጥር ከወዴት አገኘኸው?»
«ከካርቶኑ ጀርባ! ሌላ ከየት ላምጣው?»
«ካርቶን ተኩሶ አያውቅም። ፋብሪካው ሲሞክር
በረጅም በርሜል ነው፤ ያንተ ደግሞ አጭር፤
ባሩድም እንደ ሰው ብርድ ላይ ይሰንፋል፤
አየርም ጋራ ሲወጣ እየቆየ ይሳሳል።
እኔ የምቀርጸው የነገርከኝን ነው፤
ውሸትም ብትልክ አሳምሬ ልጻፈው?»
ዝም አለ። አሳለ። ዘጋብኝ ስልኩን።
ፎርሙን መለስኩለት፣ በቀይ ሞልቼ ጥጉን፦
«ሳይለካ ላከ።»

ሦስት ሳምንት አለፈ። ደንበኛ ሄደ ብዬ፣
ሌላ ሥራ ይዤ ከማሽኔ ውዬ
ሳለሁ፣ ወፍራም ፖስታ። ውስጡ የደብተር ቅጠል፤
ጠርዙ ዘይት ጠጥቷል።

«ፍጥነት ለኪ ተዋስኩ ከእህቴ ልጅ ከዱዌን፣
ንጋት ላይ ተከልኩት ከአጥሩ በረዶ ጎን፤
አስር ጥይት ተኮስኩ፤ ጣቴ ደነዘዘ፤
አስሩም ቁጥር ይኸው፣ እርሳሴ እንደያዘ፦
ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ አንድ፣
ሰባ አራት፣ ሰማንያ ሰባት፣ ሰባ ዘጠኝ...
አንዱም፣ አንዱም እንኳ ካርቶኑን አልነካ።
ለካ!
(ይህችን ቃል ሁለቴ አስምሮባታል።)
በካሊፐር ያዝኩት የመነጽሩን ቁመት፤
አንድ ኢንች ከሦስት ሩብ፤ እንደ ሌላው ሰው አይደለም በእውነት።
የማድንበት ጋራ ዘጠኝ ሺህ ጫማ ነው፤
ቴርሞሜትር ሰቅዬ ብርዱን ጠየቅኩት ስንት ነው።
ስድስት መቶ ያርድ ላይ የብረት ሰሌዳ
ሰቀልኩና መታሁ፤ ደወለ ከሜዳ።

ወይዘሮ ትሬድዌይ፣ ያኔ ስልኩን ስዘጋ
በንዴት አይደለም። በጥቅምት፣ ሲነጋጋ፣
በአራት መቶ ሠላሳ ያርድ ወንድ ኤልክ ቆሞ፣
ሌላ ሰው የሠራው ቀለበት የካርቶን ቁጥር ተሸክሞ፣
አዞርኩ፤ ትንፋሽ ያዝኩ፤ ሳብኩኝ ምላጩን።
አራት ጣት ወረደ፤ ስቶ ሄደ ልቡን።
እሱ ግን አልወደቀም፤ እግሩን እየጎተተ
ከጥዱ ጥላ ገባ፣ ሄደ እያቃተተ።
ደሙን ተከተልኩት ጀምበሯ እስክትጠልቅ፤
ጅረቱ ጋ ጠፋኝ። እስካሁን የት እንዳለ አላውቅ።
ነፋስ ነው አልኳቸው ለነዱዌን በማታ፤
ነፋስ አፍ የለውም፤ አይከስ፣ አይረታ።
ነፋስ አልነበረም።
አንድ ቅጠል እንኳን አልተነቃነቀም።»

ደብተሩን አስቀመጥኩ። ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመርኩ።
ማሽኑን ሳላስነሳ እጄን አሞቅኩ።
ከዚያ መርፌው ወረደ፤ ብናኙ ብር መሰለ፤
የአራት መቶው ጭረት ካርቶኑ ካለበት ፈቀቅ አለ፤
የጸጉር ያህል ብቻ። ጸጉር ግን ከሩቁ
አራት ጣት ይሆናል፤ ሌሊት ሙሉ ጭንቁ።

ከፖስታው ሥር ደግሞ ያ ፎርም ነበረ፤
ከቀዩ ጽሑፌ ግርጌ በእርሳስ ጨመረ፦
«ለክቶ ላከ።»

ቼኩን ገልጬ ሳይ አስራ ሁለት ዶላር ጎድሏል።
ደወልኩ ልነግረው። «አቤት?» ሲል፣ ድምፁ ቀሏል።
ቀለበቱ ደረቀ፣ ነገ ይላካል አልኩት።
ሂሳቡን ተውኩት።