ባር ባር

ጥር ነው። ማልሞ ላይ ዝናቡ ይወርዳል እንደ ወንፊት፣
እኔ ከማድ ቤቴ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ ሰዓቴ ከፊት።
የስልክ አስተርጓሚ ነኝ፤ በደቂቃ የሚከፈለኝ፣
መልክ የሌለኝ፣ ስም የሌለኝ፣ ቁጥር ብቻ የሚለየኝ።
ከላይ ከሰሜኑ ጫፍ፣ ከዮክሞክ ገጠር፣
አቶ ማንያዘዋል፣ የድሮ የከባድ መኪና ሾፌር።
ዶክተር ሲግኔ ኡፕሳላ ሆና በስክሪኑ ታየዋለች፣
እኔን ግን ማንም አያየኝም፤ "ተርጓሚ፣ አለህ?" ትላለች።
አለሁ።

ደግ ነገር ነው፣ አልዋሽም።
አምና ቢያመው አውቶቡሱ በሳምንት ሁለቴ፣
መንገዱ ላይ አጋዘን፣ "በረዶው" ይላል "እስከ ጉልበቴ"፤
ለአሥር ደቂቃ ምርመራ ቀን ሙሉ ሲጓዝ ነበረ፣
"አስተርጓሚ ቀርቷል" ተብሎ ስንቴ ተመልሶ አደረ።
ዛሬ ሐኪሟ ራሷ እቤቱ ገባች፤ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ፣
"ዳቦ ላይ አስደግፌሻለሁ፣ እንዳትወድቂ!" ይላታል ደግሞ።
ይህንንም ተረጎምኩ። ሳቀች።
"የከፈተችልኝ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ኮዱን እሷ ታውቃለች፣
ከተቋረጠም 'አጥፍተህ አብራው' ብላለች።"

"ምንዎን ነው የሚያምዎት?"
ዝም አለ። በዝምታው ውስጥ የምድጃው እንጨት ተንጣጣ።
"ሆዴን ባር ባር ይለዋል" አለ፣ "በተለይ ጨለማው ሲመጣ።"

ባር ባር! ይህን ተሸክሜ በየት በኩል ልሻገር?
"ሆድ" ስል ጨጓራ ትሰማለች፤ የኛ ሆድ ግን ሌላ አገር፤
ይብሳል፣ ይከፋል፣ ይባባል፣ ይሸፍታል፣
ነገር በሆድ ይያዛል፣ ሆድ ለሆድም ይነጋገራል።
ናፍቆት ነው አልኩ፣ በሆዴ። ሃያ ሁለት ክረምት ጨለማ!
ደንቡ "አትጨምር፣ አትቀንስ" ይላል፤ ምላሴ ግን መች ሊሰማ፤
"ዶክተር፣ ይህ የኀዘን ቃል ነው" አልኳት፣ እንደ ሊቅ ኮርቼ፣
ቅኔ እንደፈታ ደብተራ፣ ወርቁን ከሰሙ ለይቼ።

ስለ ኀዘን አልጠየቀችም።
"ካልሲዎን ያውልቁ" አለች። አልኩ፦ "ካልሲዎን ያውልቁ።"
"ቅልጥምዎን በአውራ ጣት ተጭነው ጥቂት ይጠብቁ።
አሁን ይልቀቁ።"

ፀጥታ።
"ቀጥ አለብኝ" አለች ዶክተሯ።
ምስሉ ነው ቀጥ ያለው? ወይስ ሰውየው?
ሁለታችንም "ሃሎ? ሃሎ?" እያልን፣ መልሱን ማንም ሳያውቀው
አጥፍቶ አበራው።

"ጉድጓዱ አልሞላም" አለ ሲመለስ፤ "ጣቴ የነካው ሰርጉዷል፣
ጎማ እንደረገጠው ጭቃ፣ ዱካው እዚያው ቀርቷል።"
"ማታ ስንት ትራስ?" "ሦስት።" "ሲተኙስ?" "ያፍነኛል።"
"ልብዎ ነው" አለች በቀስታ፤ "ደክሟል፣ ውሃው እግርዎ ላይ ወርዷል።"

እኔ ወርቁን ስቆፍር፣ ሰሙ ሰውየውን ሊገድለው ነበር።

"አምቡላንስ ልኬያለሁ። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በሩን አይቆልፉ።
ማን አለ አብሮዎት?"
"እናንተ" አለ።

ሲወለድ "ማን ያዘዋል" ብለው ነበር የሰየሙት።
የምታዝለትስ አልጠፋች፤ የውሃ ማስወጫውን፣ የልቡን ክኒን
በአንድ ትንፋሽ አዘዘችለት።
የጠፋው የሚይዘው ነው፤ ክንዱን ደግፎ ከወንበር የሚያነሳው፣
ሁለት ሰዓት እስኪሞላ አጠገቡ የሚያወጋው።
ዐይን ኡፕሳላ፣ ጆሮ ማልሞ፤ እጅ ግን በሽቦ አይሄድም።

"ተርጓሚ፣ አመሰግናለሁ።" መስመሩ ተዘጋ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ።
ከዚያስ? አላውቅም። መልሶ መደወል ክልክል ነው።
አጋዘን መንገድ ዘግቶ ይሆን፣ ወይስ ደርሰውለት ይሆን፣
ታብሌቱ ዳቦው ላይ እንደተደገፈ ጨልሞ ይሆን።

ካልሲዬን አወለቅኩ።
ቅልጥሜን በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። ቆጠርኩ። ለቀቅኩ።
ሞላ።

ስልኩ ጠራ። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሐኪም፣ ሌላ ቁጥር፤
"ተርጓሚ፣ አለህ?"
መልስ ለመስጠት ጥቂት ዘገየሁ፤ ሆዴን ባር ባር ብሎት ነበር።