ቅልና ሸክላ

ታጂሚ ሸለቆ፣ በተራራ ታጥራ፣
ነፋስ የረሳት፣ ነሐሴ ሲያበራ፣
አርባ ዓመት ከሁለት በእቶን አፍ ቆሜ
ሸክላ ስጠብስባት ነጣልኝ ጠጉሬ፣ ደረቀ ቅልጥሜ።

የመታጠቢያ ቤት፣ የሱቅ፣ የሆስፒታል፣
እኔ ያልጠበስኩት ግድግዳ የት ይገኛል?
ዛሬ የምኖርበት፣ ያ ባለ አምስት ፎቅ፣
ከኛው እቶን ወጥቷል የለበሰው ጨርቅ።
ቀኑን ፀሐይ ጠጥቶ፣ ጠጥቶ፣ ጠጥቶ፣
ሌሊት ያገሳብኛል ከትራሴ መጥቶ።
እኔ የጠበስኩት፣ ተራውን ጠብቆ፣
እኔኑ ጠበሰኝ አጥንቴ ድረስ ዘልቆ።

ከበታቼ ያለችው ወይዘሮ ፉሳኤ፣
የተቀያየምናት በነዋሪ ጉባኤ፣
(ስለ ራዲዮኔ ነው፣ ስለ ጫማዬ ኮቴ፤
ፀሐይ የሞቀው ነው፣ ምን ላድርገው በሞቴ)
በግንቦት መጨረሻ፣ በሦስት ገንዳ አፈር
ጎያ ዘራች አሉ። መረብ ስትወጥር
አየኋት ጎንበስ ብዬ።

ጎያ መራራ ቅል ነው፣ ቆዳው የአዞ ቆዳ፣
ሐረጉ ቀጭን ነው፣ አያውቅም ግድግዳ።
ሐረግ ስል ደግሞ
የዘር ሐረግ አይደል፣ የሚቆጠር በአያት፣
የዓረፍተ ነገርም አይደል፣ ነጥብ የሚዘጋበት፤
እሱ ዝም ብሎ ይወጣል፣
ክር ካገኘ በክር፣ ብረት ካገኘ በብረት።

ሰኔ ላይ ከአጥሬ፣ ሐምሌ ላይ ከወገቤ፣
ሳይጠይቅ ወጣብኝ፣ ነደደ ሆድና ልቤ።
መቀስ አነሣሁኝ።
ግንዱን ልይዝ ብዬ እጄን አሾለኩት፣
ከቅጠሉ ጀርባ ሸክላውን ነካሁት።
ይህ እጅ፣ መለኪያ ሳይመጣ በፊት
ከእቶኑ በር ቆሞ ሲመዝን እሳት፣
«ገና ነው»፣ «በስሏል» ብሎ ሲናገር፣
አንድ ቀን እንኳ ውሸት አላውቅበትም ነበር።
«ቀዝቃዛ ነው» አለኝ።
ሐምሌ። እኩለ ቀን። ቀዝቃዛ ነው አለኝ።

ቅጠል ያልደረሰበት የጎኑን ነካሁት፤
እንደ እቶን በር ለበለበኝ፣ ጣቴን አሸሸሁት።

ለካ ቅጠል ያልበዋል።
ከሥሩ የሳበውን በረቂቅ ቀዳዳ
ወደ አየር ያተንናል፣ ሙቀት እየነዳ።
ግድግዳው ሳይነካት፣ ፀሐይን ቀድሞ ደርሶ
ቤቱን ያበርደዋል ጥላውን አልብሶ።
ሰውን ሲያልበውማ ጉልበቶቹ ፈዘዙ፤
ቅጠልን ሲያልበው ግን ግድግዶች ቀዘቀዙ።

ቅል በአገሩ ድንጋይ ይሰብራል ይባላል፤
ይሄ ግን መጤ ነው፣ ከደቡብ ደሴት መጥቷል፤
ድንጋይ አይሰብርም፣ አቅፎ ያስተኛል።

በመቀሱ የቆረጥኩት ሲባጎ ሆነ።
ከበረንዳዬ ጣሪያ አስሬ ለቀቅሁት፣
መንገድ ይሁነው ብዬ።
ያን ሌሊት ተኛሁኝ፣ ማራገቢያው ቆሞ፤
ግድግዳው አላገሳም፣ ውሎ ነበርና ጾሞ።

ሦስት ፍሬ ከበኩሌ ተንጠልጥለው ደረሱ፤
ሥሩ የሷ፣ ጥላው የሁለታችን፣ የማን ነው ፍሬው ራሱ?
ሁለቱን በፌስታል፣ በሲባጎ አወረድኩ፤
አንዱን ጠብሼ በላሁ፤ መረረኝ፤ ወደድኩ።

በመስከረም አውሎ ነፋስ ግማሹን ቀደደው፤
ኅዳር የቀረውን አርግፎ ወሰደው።
ያኔ ገባች ፀሐይ፣ በብርዱ ስንሻት፤
ቅጠል ልክ ያውቃልና በጊዜው ለቀቀላት።

ከወይዘሮ ፉሳኤ ጋር ዛሬም ሰላም አንባባልም።
በደረጃው ስንተላለፍ
እሷ ግድግዳውን ታያለች፣ እኔ ጫማዬን።
(ጫማው አዲስ ነው፤ ሶሉ ጎማ፣ ኮቴ የለውም።)
ትናንት፣ ግንቦት ሲያጋምስ፣
ከበሬ ፊት አንድ ገንዳ አፈር አገኘሁ፣
በላዩ በጋዜጣ የተጠቀለሉ አምስት ዘሮች።
በእርሳስ «ለላይኛው ቤት» ይላል፣ ሌላ ቃል የለም።

ራዲዮኔን ዘጋሁና
ውሃ ልቀዳ ገባሁ።