መሐሉ ጭቃ ነው

ጥቅምት ሰባት፣ ማለዳ፣ ጉሙ ገና ሳይነሳ፣
ስልኬ ጮኸች፤ ታጁዲን ነው፦ "ተነሳ!
ቦዬ ዳር ነኝ፣ ባጃጄን አስፋልቱ ላይ ትቼ፤
ነጭ ሽመላ! ሃያ ሰባት! ሁለቴ ቆጥሬ፣ አጣርቼ።"
"ተሳፋሪ የለህም?" አልኩት።
"እሷም ወርዳለች፤
ሃያ ስምንት ነው ብላ ከእኔ ጋር ትከራከራለች።"

እኛ አምስት ነን። ማኅበር አይደለንም፤ ማኅተም የለንም።
ያለን አንድ መነጽር፣ ግራ ዓይኑ የደፈረሰ፤ የሚጠግነው አላገኘንም።
ወይዘሮ ዘኪያ አሉ፣ ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ላቦራቶሪ የሠሩ፣
ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብለው የሰው ደም ሲቆጥሩ የኖሩ፤
"ሴል ከዳክዬ ይሻላል" ይላሉ፣
"ሴል አይበርም፤ እነዚህ ግን ገና ሦስት ስል ብድግ ይላሉ።"

ዳልጋ አለ፣ ጡብ ሠሪው፣ ከዳውሮ የመጣ፣
ረግረጉን እየቆፈረ ሸክላ የሚያወጣ።
መጀመሪያ ተጣልተነው ነበር፤ ቤታቸውን አፈረስክ ብለን።
ዝም ብሎ ወሰደን፤ አምና የተወውን ጉድጓድ አሳየን፦
ውሃ ሞልቶት፣ ደንገል በቅሎበት፣
ጭራቸው እንደ ወስፌ የሾለ ስድስት ዳክዬዎች ተኝተውበት።
"ከየት ናቸው?"
"ከሰሜን፤ ወንዙ ድንጋይ ከሚሆንበት።"
"ታዲያ አልጋ ያነጠፍኩላቸው እኔ ነኛ" አለ።
ማንም አልመለሰለት።
ልክ ነበር። ልክም አልነበረም።
ከዚያ ወዲህ ግን ዙሪያውን ሳያይ አካፋውን አይተክልም።

ኢፍቱ አለች፣ የኪቶ ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍል፣
ዓይኗ ከመነጽራችን የሚሻል።
እኔ መዝጋቢው ነኝ። ድሮ መጋዘን በር ላይ ቆሜ
የጀንፈል ኪሎ እጽፍ ነበር፤ ዛሬም በዚያው ብዕር፣ በዚያው አቋቋሜ።

ከሃያ ሰባቱ አንዱ
(ከሃያ ስምንቱ፣ ትላለች ተሳፋሪዋ)
እግሩ ላይ ቀለበት ነበረው፤ ጥቁር፤
በላዩ በነጭ የተጻፈ ፊደልና ቁጥር።
ታጁዲን ፊደሎቹን አየ፤ ሁለት ናቸው፤
የውጭ ፊደል፤ አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ሣላቸው።
ወይዘሮ ዘኪያ በማግስቱ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ማዶ፣
መጨረሻውን፦ "ሰባት ነው፤ አንድ ከሆነ ጥፋቱ የመነጽሩ ነው።"
ኢፍቱ በሦስተኛው ቀን፣ ኮፌ፣ ከብቶች መሐል፦
"ከሰባቱ በፊት ዜሮ አለ።"
ከዜሮው በፊት ያለውን ማንም አላየ።
መሐሉ ጭቃ ነው።

አራት ቀን ተከተልነው። ዝናብ ይመጣል፣ ያጥበዋል አልን፤
ዝናቡ መጣ፤ ወፏ ሌላ ጭቃ ውስጥ ገብታ ጠበቀችን።
ዳልጋ ሳቀ፦ "የእኔ ጭቃ ነው፣ እሳት ያልነካው፤
ገና ጡብ ሳይሆን አገር ሊያይ የተነሳው።"
"አንድ ቁጥር ገምት" አለኝ ታጁዲን፣ "ማን ያውቅብሃል?"
ኪሎ እጽፍ በነበረበት ዘመንም እንዲህ ያለኝ ነበር፤
ያኔ የመለስኩትን አልናገርም።
አሁን ግን ባዶ ተውኩት፤ በደብተሩ፣
አንዲት ጣት የምታህል ቦታ፣ በፊደሎቹና በዜሮው መሐል።

ረቡዕ ሽቅብ ዞሩ፣ ሞቃቱ አየር ላይ፣ ክንፍ ሳያማቱ፣
ከጅሬን ጋራ በላይ እንደ ተበተነ ወረቀት እስኪጠፉ።
መጋቢት ላይ በሌላ መንገድ ይመለሱ ይሆናል፤
የሆነ አገር፣ የሆነ ጣሪያ ላይ፣ ጭቃው ደርቆ ይረግፋል፤
አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ
ቁጥሩን ሙሉውን ያነባል።
የረገፈውን ይጠርገው ይሆን?

ዛሬ ደግሞ ስልኬ ጮኸች። ታጁዲን ነው። ያንሾካሹካል፦
"ግቤ ግድቡ ዳር ነኝ። የሆነ ነገር አለ... ረጅም... አንገቱ... ትመጣለህ?"
"ተሳፋሪ አለህ?"
"ሦስት" አለኝ። "ሁሉም ወርደዋል።"