እጅ መስጠት

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ብራውንሽቫይግ ዝናብ ላይ ናት።
የምስለ በረራዋ ጎጆ፣ ክንፍ የላት፣ ጭራ የላት፣
በስድስት የብረት እግር ቆማ ትንቀጠቀጣለች፤
መሬት ሳትለቅ፣ ሰማይ ላይ ነኝ ብላ ትምላለች።

ኤከሃርት ገባ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የበረረ፣
ከደመና ጋር የኖረ፣ ከሰው ጋር ቃሉ ያጠረ።
ሮስቪታ ፊቱን አታይም፤ እጁን ነው የምትከተለው።
“መብራት አጥፋበት” አለችኝ። አጠፋሁ። “ቀኝ ሞተሩን ግደለው።”
ገደልሁ። ደወል ጮኸ። በደወሉ ላይ ሌላ ደወል።
ሦስተኛው ደረሰ፣ ገላጋይ ነኝ ብሎ ዱላ እንደሚያቀብል።

ያኔ የኤከሃርት እጅ ጨለማው ውስጥ ወረደ፤
የሰፈሩን መንገድ እንደሚያውቅ ሰው፣ ሳይጠይቅ ሄደ።
ሁለት እጀታ ጎን ለጎን፣ መንታ፣ አንድ ቁመት፣ አንድ ራስ፣
የወለደቻቸው እንኳ ማታ የማትለያቸው በመዳሰስ።
ጎማውን ልሰብስብ ብሎ የክንፉን ቅጥያ አጠፈ።
የስክሪኑ የስንዴ ማሳ መጣ፣ መጣ፣ ገዘፈ።

ማንም አልሞተም።
ኤከሃርት ግን ከወንበሩ አልተነሣም።
“ጥፋቱ የእኔ ነው” አለ፤ ቀበቶውን እንኳ አልፈታም።

ቅጹ ላይ አንዲት ሳጥን አለች፣ “የአብራሪ ስሕተት” የምትል፤
ምልክት አርገህ፣ ጃኬትህን ለብሰህ፣ ቤትህ የምትገባባት በቀላል።
ብዕሬን ሳስጠጋ ሮስቪታ ክንዴን ያዘችኝ።
“እጀታዎቹን ማን ሣላቸው?” ብላ ጠየቀችኝ።
ዝም።
በቀን ብርሃን፣ በተቀረጸ እርሳስ፣ የሣልኋቸው
እኔው ነኝ። መስመሩ እንዲያምር ብዬ፣ እኩል ያረግኋቸው።

በማግስቱ መጣ። መዳፉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ።
አውራ ጣቱን ለካሁ፤ አንጓውን፤ የድሮ ቁስሉን ጠባሳ፤
በድንጋጤ ጊዜ የማትታጠፈውን ትንሿን ጣት።
በእኛ ቋንቋ ሽንፈት ነው፣ እጅ መስጠት።
እጁን የሰጠኝ እሱ ነበር፤
የተማረክሁት እኔ።

አሁን አንዱ እጀታ ክብ ነው፣ ጎማ የመሰለ፤
ሌላው ስስ፣ ጠፍጣፋ፣ የክንፍ ጠርዝ ያለው፣ የሾለ።
ዓይን ሲጨልምበት፣ ጣት ሊያነብበው የሚችል ፊደል።

ትናንት ሌሊት ደግሜ መብራቱን አጠፋሁበት።
እጁ ወረደ፤ ተሳሳተ፤ ጠፍጣፋውን ነካ፤
ቆመ። ዳሰሰ። ትንፋሽ የምታህል ጊዜ። ወደ ክቡ ተመለሰ።
ማሳው ከበታቹ ቀረ።

ሮስቪታ ግን አላጨበጨበችም። ጆሮዋን አሸት አሸት አድርጋ፣
“ደወሎቹ አሁንም ሦስት ናቸው” አለች፤ “እርሳስህን ቅረጽ።”